ደብተሩ ለጥርስም ይሠራል ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከጉና ተራራ ሥር፣ ክምር ድንጋይ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ገበሬ ነው፤ አራት ልጆች አሉን፣ አማቴም አብረውን ይኖራሉ። እኔን የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ከክረምት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል። ቅርንፉድም አረቄም ሞክሬበታለሁ። አማቴ ደግሞ ጥርሳቸው ስላለቀ እንጀራውን በወጥ አርሰን ነው የምናጎርሳቸው። የጤና መድን ደብተር ነበረን፤ አምና እጃችን አጥሮ ሳናሳድስ ቀረን። ካናዳ ያለው ወንድሜ «እዚህ መንግሥት ለአሮጊቶች ጥርስ ያሠራል፤ እናንተም ጋ ይኖራል፣ ጠይቂ» አለኝ። እውነት እኛ ጋ አለ? ካለስ ማን ነው የሚገባበት?

ጠያቂዋ፣ ከደቡብ ጎንደር

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዜር ይማርዎት። ለጥርስ ብቻ ተብሎ የተቋቋመ የመንግሥት ፕሮግራም አገራችን ውስጥ የለም። ያለው ያ አምና ሳታሳድሱት የቀራችሁት ደብተር ነው። እሱ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ለጥርስ ይሠራል። ለእርስዎ መንጋጋ ይበቃል፤ ለአማትዎ ጥርስ ግን አይደርስም። ሁለቱን ለያይቼ ልንገርዎት።

ይህ ደብተር የሚሰጥበት ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችሁ ፎገራ ነበረች፤ ሌሎቹ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። የተቋቋመው ለገበሬው፣ ለአነስተኛ ነጋዴውና ለቀን ሠራተኛው፣ በአጠቃላይ የወር ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው። የመንግሥት ሠራተኛና ጡረተኛ የሚገባበት ሌላ መድን ነው፤ የእሱ አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ሥራ ላይ መዋሉ ግን ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል። እናም ጎረቤትዎ አስተማሪ ከሆኑና ደብተር ከሌላቸው አይገረሙ።

አባል የሚሆነው ቤተሰብ ነው እንጂ የታመመው ሰው ብቻ አይደለም። ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ ይገባሉ። አማትዎን የመሰለ ጥገኛ ግን ተጨማሪ ተከፍሎበት ነው ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው። ስማቸው ሳይጻፍ፣ ፎቷቸው ሳይለጠፍ ሆስፒታል ቢወስዷቸው ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ነው የሚመለሱት። እዚያ የተቀመጠው ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያየው ፎቶውን ነው፤ ቀጥሎ የዘንድሮው ክፍያ መመዝገቡንና የጤና ጣቢያውን ሪፈር። የጥርስዎ ነገር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

መድን ሲያምዎት ሮጠው የሚገዙት ነገር አይደለም። ምዝገባና እድሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ ነው። ያ ወቅት ካለፈ ጥርስዎ ቢያብጥም ደብተሩ እስኪታደስ ከኪስ መክፈል ነው። መዋጮው በየጊዜው ስለሚከለስ የዘንድሮውን ቀበሌ ሄደው ይጠይቁ፤ ሲከፍሉም ደረሰኝ ሳይዙ እንዳይወጡ።

ጭራሽ መክፈል ካቃታችሁስ? ለዚህም መንገድ አለው። የድሃ ድሃ የሚባሉት ቤተሰቦች መዋጯቸውን ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል፤ ሕክምናውም ከከፋዩ አባል እኩል ነው። ምርጫው የሚጀምረው ከጎጥ ነው፤ ማን መሬት እንዳለው፣ ማን በሬ እንዳለው፣ ማን ጧሪ እንደሌለው ጎረቤት ያውቃልና። ዝርዝሩ ተጣርቶ ቀበሌ ላይ ይጸድቃል። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ እዚህ ጋ የሚሠራው ይሉኝታ ነው። ቤቷ አንድ ዶሮ የሌላት ሴት «ድሃ ነኝ ብዬ ሰው ፊት አልቆምም» ብላ ስሟ ሳይነሳ ይቀራል፤ አፈኛው ይጻፋል። እናንተ በግ የምትሸጡ ከሆነ የምትመረጡ አይመስለኝም፤ አማትዎም ስላረጁ ብቻ አይመረጡም፣ ከእናንተ ጋር በአንድ ማዕድ ነው የሚኖሩት። የሚገባው ጎረቤት ካላችሁ ግን በስብሰባው ቀን እናንተ ስሙን አንሱለት።

አሁን ወደ መንጋጋዎ። ደብተሩን ካሳደሱ መጀመሪያ የሚሄዱት ጤና ጣቢያ ነው። ምርመራውን፣ ማስታገሻውንና መግል ከያዘ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱን መድኑ ይሸፍናል። ጤና ጣቢያው አቅሙ ካልፈቀደ ሪፈር ጽፎ ወደ ደብረ ታቦር አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይልክዎታል። ሪፈሩን አይናቁት። በሙከራው ጊዜ በወጣው ሕግ ጤና ጣቢያውን ዘሎ ሆስፒታል የገባ አባል የሕክምናውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍል ነበር፤ ዛሬም ያለ ሪፈር የመጣ ሰው የሚያተርፈው ከካርድ ክፍል ጋር ጭቅጭቅ ነው። ከዚህ ውጭ የሚሆነው ድንገተኛ ሕመም ነው። እብጠቱ ከመንጋጋዎ ሥር ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍዎን መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተዎት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለዎት ሪፈር አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል ይግቡ፤ ይህ ትንፋሽ ዘግቶ የሚገድል ነገር ነው።

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የጥርስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ብልሽቱ ነርቩ ጋ መድረሱን ነው የሚናገረው። ተራ ሙሌት አልፎበታል። የቀረው ወይ የሥር ሕክምና ነው ወይ መነቀል። የሥር ሕክምና ዕቃውም ባለሙያውም ያለበት ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ምናልባት ይነቀላል። አይፍሩት። ማደንዘዣው ሲወጋ ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ከንፈርዎ ያበጠ እስኪመስልዎት ይደነዝዛል፤ ሲነቀል ግፊቱ እንጂ ሕመሙ አይሰማዎትም። ከተነቀለ በኋላ ጥጡን ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሰው ይያዙ፣ እስከ ማግስቱ አይጉመጥመጡ፣ ትኩስ ቡናውንም ለአንድ ቀን ይተዉት። ጨውና ለብ ያለ ውኃ ከማግስቱ ይጀምራል። እስከዚያው ቅርንፉዱ አይጎዳዎትም። አረቄው ግን ድድዎን ይልጠዋል፤ አስፕሪን ጨፍልቀው ድድ ላይ የሚያስቀምጡም እንዲሁ በላዩ ላይ ቁስል ነው የሚጨምሩት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። መድኑ መንቀልን እንደ ልብ ይከፍላል፤ ጥርሱ ሳይነቀል በፊት የሚያድነው ዕቃ ግን ከወረዳ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ እምብዛም አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ግላስ አዮኖመር የሚባለውን መሙያና ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። ግላስ አዮኖመር መሰርሰሪያ የግድ አይልም፤ በእጅ መሣሪያ ተጠርጎ ይሞላል፣ መብራት በሌለበትም ይሠራል። በዞናችሁ እስቴም ስማዳም ጤና ጣቢያ ላይ ቢኖር ስንት መንጋጋ በተረፈ! ለአራቱ ልጆችዎ ግን ከአሁኑ ማሰብ ይችላሉ፤ ጥርሳቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ቀዳዳ ካዩ ሳያማቸው ይውሰዷቸው። ያን ጊዜ ነው መሙላት የሚጠቅመው።

አማትዎ ጋ ስንደርስ መልሱ ይከብዳል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ከመድኑ ጥቅም ውስጥ የለም። ከመነሻው፣ ከፕላስቲክ ሰርጀሪ ጎን፣ የመልክ ማሳመሪያ ተብሎ ከሽፋኑ ወጥቷል። በእኔ እምነት ይህ ምደባ ትክክል አይደለም። ለ70 ዓመት አሮጊት ጥርስ መልክ ሳይሆን ምግብ ነው፤ ቆሎም ጥሬ ሥጋም ቢቀር፣ እንጀራውን እንኳ ሳያላምጡ ውጠው ነው የሚኖሩት። ከሽፋኑ ያስወጣው ግን ክፋት አይመስለኝም፣ ገንዘብ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1948 ለሁሉም ነፃ ሕክምና ሲያውጁ ሰው ሠራሽ ጥርስና መነጽርም ነፃ ነበር። ወረፋው ከታሰበው በላይ ሆነና በ1951 ገና ከመጀመሪያዎቹ ክፍያ የተጣለበት ይኸው ጥርስና መነጽር ሆነ፤ አሠራሩን የመሠረቱት ሚኒስትር አናይሪን ቤቫን በዚህ ተቆጥተው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ያ ሁሉ ሀብት ያለው አገር መጀመሪያ የቀነሰው ጥርስን ከሆነ፣ ከገበሬ መዋጮ የሚተዳደር ካዝና ቢፈራ አይፈረድበትም።

ወንድምዎም አልዋሹም። ካናዳ በ2016 ዓ.ም. የጀመረችው የጥርስ ፕሮግራም የቤተሰብ ዓመታዊ ገቢው ከ90,000 የካናዳ ዶላር በታች ለሆነ፣ ሌላ የጥርስ መድን ለሌለውና ግብሩን ላሳወቀ ነዋሪ ነው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስም ይጨምራል። እዚያ የሚመርጠው የግብር ወረቀት ነው፤ እዚህ የጎጥ ስብሰባ።

ስለዚህ የወንድምዎን ልብ ለአማትዎ ጥርስ ይጠቀሙበት። ገንዘቡን ከመላካቸው በፊት አማትዎን ለሐኪም ያሳዩ፤ የቀረ ሥር ወይም የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ፣ ስማቸው ደብተሩ ላይ ከሰፈረ፣ መንቀሉን መድኑ ይከፍልላቸዋል። ከዚያ ድዱ እስኪሽር ሁለት ሦስት ወር መጠበቅ ይሻላል፤ ቶሎ የተሠራ ጥርስ ድዱ ሲሟሽሽ ይላላል። ደብረ ታቦርም ይሁን ባሕር ዳር ወይም ጎንደር፣ ክሊኒኩን ዋጋውን በጽሑፍ ይጠይቁት፤ ልኬቱንና ከተሠራ በኋላ ሲያሳምም ማስተካከሉን ይጨምር እንደሆነም ይወቁ። አሮጊቷ ለልክ ደጋግመው መመላለሳቸው ስለማይቀር፣ ከከተማው ዘመድ ጋ የሚያድሩበትን ቤት ከወዲሁ ያስቡላቸው።