«ይነቀልልኝ» ከማለትዎ በፊት፦ የልጅን ጥርስ በካርቱም ማሳከም

ካርቱም ውስጥ ልጁን ጥርስ ያመመበት ሐበሻ ወላጅ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ጥያቄው አንድ ነው፤ ይነቀልልኝ። የወተት ጥርስ ስለሆነ ዛሬም ነገም መውደቁ አይቀርም፣ ሥራ ፈትቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ከመመላለስ አንዴ መገላገል ይሻላል ይባላል። ለፊት ጥርሶች ይህ ሐሳብ ብዙም አይጎዳም፤ በ6 እና በ7 ዓመት ገደማ ራሳቸው ይለቃሉ። መንጋጋ ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የወተት መንጋጋ እስከ 10፣ እንዲያም ሲል እስከ 12 ዓመት አፍ ውስጥ የሚቆይ ጥርስ ነው። በ5 ዓመቱ የተነቀለበት ልጅ በ6 ዓመቱ የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብልበታል፤ ከዚያ በታች ተራውን የሚጠብቀው ጥርስ መውጫ ያጣል። ኋላ በሽቦ ማስተካከል ደግሞ ዛሬ ሙሌት ከሚያስወጣው ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

ስለዚህ ከመንቀል በፊት ያሉትን ሕክምናዎች በተራቸው ማወቅ ይጠቅማል። አብዛኞቹ መርፌም መሰርሰሪያም አይፈልጉም።

በመጀመሪያ ቤት ውስጥ ይመልከቱ

ልጁን ጭንዎ ላይ አጋድመው ፊቱን ወደ ብርሃን ያዙሩ። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ግቢ ከሌለ የስልክ መብራት ይበቃል። የላይኛውን ከንፈር በጣትዎ ገልጠው ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበትን ጠርዝ ይዩ፤ በትንንሽ ልጆች ላይ ጉዳቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከላይ ባሉት አራት የፊት ጥርሶች ነው። መጀመሪያ የሚታየው ቀዳዳ ሳይሆን የደበዘዘ ነጭ መስመር ነው። በዚህ ጊዜ የደረሰ ወላጅ ጥርሱን ያለ ሙሌት ሊያድነው ይችላል። ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዶ ገጹ ከሻከረ ወይም ከጎደጎደ መቦርቦር ጀምሯል። ድዱ ላይ ብጉር የሚያህል መግል የቋጠረ እብጠት ካዩ ደግሞ የጥርሱ ነርቭ ሞቷል። ያን ጊዜ ልጁ «አያመኝም» ቢል አይዘናጉ፤ መግሉ መውጫ ስላገኘ ነው ሕመሙ የታገሠው።

የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። 6 ዓመት የሞላው ልጅ ካለዎት ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ኋላ ይፈልጉ፤ ምንም ጥርስ ሳይወድቅለት በጸጥታ የሚበቅል ትልቅ መንጋጋ አለ። ምንም ስላልወደቀ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ቋሚ ነው፤ ተተኪ የለውም።

የተቦረቦረ የሚመስል ሁሉ ደግሞ የተቦረቦረ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ ወይም በዝዋይ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ላይ ነጭና ቡናማ ነጠብጣብ ቢኖር ከውሃው ፍሎራይድ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሱዳን ውስጥም አቡ ጉሩን በሚባለው መንደር ውሃው በሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ገደማ ፍሎራይድ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ይህን ነጠብጣብ ሐኪም ሳያየው በራስዎ አይፈግፍጉ።

ሕፃን ከሆነ ድዱን ማንም አይንካው

ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን በስለት ማስወጣት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። ካርቱም ስንደርስ ደግሞ ጎረቤቶቻችን የራሳቸው አላቸው፤ ሃይፋት ይሉታል። በሁለቱም ተጠያቂ የሚደረገው ገና ያልወጣው የክራንቻ ጥርስ ነው። ድዱ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠው ነገር እንደሚባለው ትል ሳይሆን በጊዜው የሚወጣ ጥርስ ነው። ሲቆፈር ሕፃኑ ብዙ ደም ሊፈሰው፣ በቴታነስ ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ሊያዝ ይችላል፤ ከሥሩ የተቀመጠው የቋሚ ጥርስ እንቡጥም ይበላሻል። ለተቅማጡ ኦአርኤስ ይስጡ፣ ጡት አያቋርጡ፣ ትኩሳቱ ካልበረደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። አያቱ ከአገር ቤት ደውለው «አስወጡለት» ቢሉ በትሕትና እሺ ብለው አለማድረግ ይቻላል።

ለየትኛው ጉዳት የትኛው ሕክምና

ነጭ መስመር ብቻ ከሆነ የሚጠየቀው ፍሎራይድ ቫርኒሽ ነው። በትንሽ ብሩሽ ጥርሱ ላይ ይቀባል፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ በየ3 ወይም በየ6 ወሩ ይደገማል። ዕለቱን ጥርሱ ቢጫ ቢመስል አይደንግጡ፤ በማግስቱ ሲቦረሽ ይለቃል። አዲስ ለበቀለው የ6 ዓመት መንጋጋ ደግሞ ማኘኪያው ላይ ያሉትን ስንጥቆች በቀጭን ሽፋን ማስደፈን ጥሩ ነው፤ ሲላንት ይባላል።

ቀዳዳ ካለና ልጁ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም የሚል ከሆነ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባለውን ጠብታ ይጠይቁ። የተበላሸው ቦታ ላይ ሲቀባ መበስበሱን ያቆመዋል፤ ዋጋው ግን መልክ ነው፤ የተቀባው ቀዳዳ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የ3 ዓመት ልጅ መንጋጋ ውስጥ ማን ያየዋል? የፊት ጥርስ ላይ ከሆነ ግን አስቀድመው ከባለቤትዎም ጋር ይነጋገሩበት፣ ምክንያቱም ከሐኪም ቤት ስትመለሱ ቤት ውስጥ ጠብ የሚያስነሳው ይህ ነው። ከንፈር ላይ ቢነካ የሚተወው ጥቁር ምልክት በሳምንት ሁለት ሳምንት ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ጠብታና ቀጥሎ የምናነሣውን ግላስ አዮኖመር ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

መብራት በሚጠፋበት ከተማ ትልቁ ወዳጅ በእጅ መሣሪያ ብቻ የሚሠራው ሙሌት ነው። ሐኪሙ የበሰበሰውን በማንኪያ መሰል መሣሪያ ጠርጎ ቀዳዳውን በግላስ አዮኖመር ይደፍነዋል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የተሞከረው መብራትና ማሽን ለሌለበት ገጠር ታስቦ ነበር፤ ዛሬ በሀብታም አገሮችም መርፌ ለሚፈሩ ልጆች ይጠቀሙበታል። አንድ ጎን ብቻ በተቦረቦረ ጥርስ ላይ ይጸናል፤ በሁለት ጥርሶች መካከል ባለ ቀዳዳ ላይ ግን ቶሎ ይሰበራል። «በብር ይሞላ» ከተባሉ፣ ማለትም አማልጋም ከቀረበልዎ፣ ሌላ እንዲሆን መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ሜርኩሪን የሚመለከተው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 በወተት ጥርስና ከ15 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ እንዳይሠራበት ተስማምተዋል።

በጎኑ ሰፊ ቀዳዳ ላለበት መንጋጋ ክዳን ይሻላል። ስኮትላንዳዊቷ የጥርስ ሐኪም ኖርና ሆል የጀመረችውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው አሠራር የሚገርም ነው፤ ቀዳዳው ሳይሰረሰር፣ ማደንዘዣ ሳይወጋ፣ በልክ የተመረጠ የብረት ክዳን በማጣበቂያ ተሞልቶ ጥርሱ ላይ ይጫናል፣ ልጁም ነክሶ ይገጥመዋል። ውስጥ የታሸገው መበስበስ ስኳር ስለማያገኝ ይቆማል። ለጥቂት ሳምንታት ንክሻው ከፍ ያለ መስሎ ይሰማዋል፤ ራሱ ይስተካከላል።

ቀዝቃዛ ነገር ሲጠጣ ብቻ የሚያመው ጥርስና ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ጥርስ አንድ አይደሉም። የኋለኛው ነርቩ ተነክቷል፤ ከላይ የተጻፉት ብቻቸውን አይበቁትም። ነርቩ በከፊል ሕያው ከሆነ የላይኛው ክፍል ተነሥቶ መድኃኒት ተደርጎበት ክዳን ይለብሳል። መግል ከቋጠረ፣ ሥሩ ከተበላሸ ወይም ሊወድቅ ጥቂት ከቀረው መንቀሉ ትክክል ነው። መንጋጋ ከሆነ ግን «ቦታውን የሚጠብቅ ሽቦ ይደረግለታል ወይ?» ብለው ሳይጠይቁ አይውጡ።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ

የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ተቋቁሞ የአገሪቱን ሐኪሞች ሲያወጣ ኖሯል፤ የካርቱም የጥርስ ማስተማሪያ ሆስፒታልም ለብዙዎቻችን የሚታወቅ ቦታ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከፈነዳው ጦርነት ወዲህ ግን ትናንት ክፍት የነበረው ዛሬ ዝግ ሊሆን ይችላል። ከመነሣትዎ በፊት በስልክ ያጣሩ፣ የሄደ ሰው ይጠይቁ። ማስተማሪያ ቦታ ካገኙ ተማሪ በመምህሩ ፊት ይሠራል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ጥንቃቄው ግን ጥሩ ነው።

ዐረብኛዎ ለገበያ የሚበቃ ብቻ ከሆነ እነዚህን ይያዙ። መቦርቦሩ «ሱስ»፣ መንጋጋው «ዲሪስ»፣ ሙሌቱ «ሐሽዋ»፣ ክዳኑ «ተልቢሳ»፣ ነርቩ «ዐሰብ»፣ ማደንዘዣው «ቢንጅ»፣ እብጠቱ «ወረም»፣ መንቀል «ኸልዕ» ነው። እናት ከሆኑ «ያ ዶክቶራ፣ ማ ዳይራ ኸልዕ፤ ሙምኪን ሐሽዋ?» ማለት ይበቃል፤ መንቀል አልፈልግም፣ መሙላት ይቻላል ወይ እንደማለት ነው። ሐኪሟ አይቻልም ካለችም ምክንያቱን ትነግርዎታለች።

ልጁን በጠዋት፣ በልቶ፣ ሳይደክመው ይውሰዱት። «ምንም አያምህም» አይበሉት፤ ካመመው ሁለተኛ አያምንዎትም። በሐኪም ማስፈራራት፣ «ካጠፋህ ይወጋሃል» ማለት፣ እዚያ ወንበር ላይ ዋጋውን ያስከፍላል።

ከተመለሱ በኋላ

ማደንዘዣ የተወጋ ልጅ ከንፈሩ ለ2 እስከ 3 ሰዓት ይደነዝዛል። አዲስ ነገር ሆኖበት ያኝከዋል፤ ማታ ከንፈሩ አብጦ የሚያስደነግጠን ብዙ ጊዜ ይህ ነው። እስኪለቀው ምግብ አይስጡት፣ ዓይንዎን አይንቀሉበት። ከተነቀለ ጋዙን ለ20 ደቂቃ ያህል ነክሶ ይቆይ፣ ያን ዕለት አይጉመጥመጥ፣ በስትሮ አይጠጣ።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በክብደት ይሰላል፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፣ ድድ ላይም አይለጠፍም፤ ያቃጥላል። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የሚገዛ አንቲባዮቲክ ቀዳዳ አይደፍንም። ቴትራሳይክሊን ደግሞ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ገና ያልወጡትን ቋሚ ጥርሶች ያበልዛል።

እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከተዛመተ፣ ትኩሳት ካለው፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ከከበደው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። ቋሚ የፊት ጥርስ በጨዋታ ወልቆ ከወደቀ ነጩን ክፍል ብቻ ይዘው፣ ሥሩን ሳይፈትጉ፣ ከቆሸሸ በቀስታ አለቅልቀው ወዲያው ቦታው ላይ ይመልሱት፤ ካልሆነ ወተት ውስጥ ከትተው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ይድረሱ። የወተት ጥርስ ግን ተመልሶ አይተከልም።

ስለ ስኳሩ ጥቂት። ዴም ወይም ጀሪፍ ሰፈር ሻይ የምታፈላ እናት ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ትውላለች። እያንዳንዱ ደንበኛ ደግ ነው፤ አንዱ ብስኩት፣ አንዱ ከረሜላ፣ አንዱ ከብርጭቆው ሥር የቀረውን ጣፋጭ ሻይ ይሰጠዋል። ልጁ ብዙ ስኳር ከመብላቱ ይልቅ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ መቀማመሱ ነው ጥርሱን የሚጨርሰው። ከደንበኛ ጋር መጣላት አያስፈልግም፤ የተሰጠውን ተቀብላ በአንድ ቆርቆሮ እያጠራቀመች ከምሳው ጋር አንዴ ብትሰጠው ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል። ማታ ጡጦ ውስጥ ሻይ በወተት አድርጎ ማስተኛት ግን መቆም አለበት። ሚስዋክ ጥሩ ነው፣ መፋቂያችንም እንዲሁ፤ ነገር ግን ማታ ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና መተካት አይችሉም። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፣ ብሩሹን የሚይዙት ደግሞ እርስዎ ነዎት።

የተደረገውን ሁሉ ሐኪሙ በወረቀት ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ የትኛው ጥርስ፣ ምን ተደረገለት፣ መቼ ይመለስ። በመተማ በኩል ለመሻገር የተዘጋጀ ቤተሰብ ይህን ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር ያስቀምጠው። የጥርሶቹ ቁጥሮች ለእርስዎ ባይገቡዎትም አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ያለ የጥርስ ሐኪም ያነባቸዋል፤ 75 ተብሎ ከተጻፈ ከታች በግራ በኩል ያለው የመጨረሻው የወተት መንጋጋ ነው።