በበርጫ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ

በምዕራብ ሐረርጌ፣ በጭሮም ሆነ በገለምሶ፣ በበዴሳም ሆነ በሂርና ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የራሱ ሥርዓት አለው። ፀሐይ ስትበረታ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ትራስ ይደረደራል፣ ውሃና ሻይ ይቀርባል፣ በርጫ፣ ማለትም የጫት ቅሚያው፣ ይጀመራል። የዚያን ሰዓት ጥቅም በሙሉ ለቅጠሉ መስጠት ግን ስህተት ይመስለኛል። ቃሚው የሚፈልገው ዘና ያለ ንቃት ምንጩ ሁለት ነው። አንደኛው ጫቱ ነው። ሁለተኛው መቀመጡ ራሱ ነው፤ ሰዓቱ የታወቀ፣ ቦታው የተለየ፣ የሚያጣድፍ ጉዳይ የሌለበት መቀመጥ። ይህ ሁለተኛው፣ ተመስጦ የምንለው፣ ለብቻው ተነጥሎ ሊለመድ ይችላል፤ አሠራሩም ቀላል ነው።

ለምን መነጠል ያስፈልጋል? በእርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ዋና አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ላቦራቶሪ ተለይቶ ታወቀ። አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ በቀናት ውስጥ ደካማ ወደሆነው ካቲን ስለሚለወጥ ነው የጫት መኪኖች በሐረርጌ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንደዚያ የሚበሩት። እንግዲህ ምርቃና ማለት ሰውነት እየተጣደፈ አእምሮ የረጋ የሚመስልበት ሁኔታ ነው። መጀመሪያ ጨዋታው ይደምቃል፣ ቀጥሎ ሁሉም በየሐሳቡ ይሰምጣል፤ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲል ምርቃናውን የሚሰብር መጠጥ፣ ጨብሲ፣ ይፈለጋል፣ በማግስቱ የጫት አምሮቱ፣ ሐራራ፣ ይመጣል። በመሃል ያለችው የዝምታ ሰዓት እውነተኛ ጣዕም እንዳላት አልክድም። ጥያቄው እሷን ለማግኘት የግድ ከፊትና ከኋላ ያለውን ሁሉ መክፈል ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው።

መጀመሪያ ሰዓት ይምረጡ። የበርጫውን ሰዓት እንዲይዙ የምመክረው በምክንያት ነው፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም በዚያ ሰዓት ሰው ተቀምጦ ማየት ስለለመደ «ምን ነካው?» የሚል አይኖርም። የሚቅም ሰው ዙርባው (የጫት እስሩ) ከመፈታቱ በፊት ይቀመጥ፤ ከቃመ በኋላ ልቡ ስለሚፈጥን ትንፋሹ እንዲረጋለት መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ለመነሻ 10 ደቂቃ ይበቃል። ስልክዎ ላይ ሰዓቱን ይሙሉና ፊቱን ደፍተው ያስቀምጡት። በርጩማ፣ መደብ ወይም ምንጣፍ ላይ የተጣጠፈ ትራስ ሁሉም ይሆናል፤ ዋናው ነገር ጀርባ ሳይገተር ቀና ማለቱ ነው። በክርን ትራስ ተደግፎ ጋደም ማለት ለጨዋታ ይመቻል፤ እዚህ ግን እንቅልፍ ይጠራል።

ዓይንዎን በከፊል ከድነው ከፊትዎ ወለሉ ላይ ያሳርፉት። ግንባርን፣ መንጋጋንና ትከሻን በየተራ ያላሉ፤ ብዙ ሰው ጥርሱን ነክሶ እንደሚውል የሚያውቀው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በአፍንጫ አራት እስኪቆጥሩ አየር ያስገቡ፣ ስድስት እስኪቆጥሩ ቀስ ብለው ያውጡ፤ ይህን አሥር ጊዜ ያህል ይድገሙት። አየር ስናስወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ዝግ ስለሚል ማስረዘሙ ሰውነትን ያረጋጋል። ራስ የሚያዞርዎ ከሆነ ቁጥሩን ያሳጥሩ። አሥሩ ሲያልቅ ትንፋሹን መምራት ይተዉ። እንደፈለገ ይግባ፣ ይውጣ፤ እርስዎ በወጣ ቁጥር ብቻ አንድ፣ ሁለት እያሉ እስከ አሥር ይቁጠሩና እንደገና ከአንድ ይጀምሩ።

አሁን ችግሩ ይመጣል፤ አራት ወይም አምስት ላይ ሳሉ አእምሮ ገበያ ይወርዳል። የማሽላው ዋጋ፣ ያልተከፈለ ብድር፣ ትናንት የተነገረ ቃል ይተራመሳል። አብዛኛው ጀማሪ እዚህ ላይ «ይህ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይነሳል፤ ተመስጦ ማለት ጭንቅላትን ባዶ ማድረግ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኪሊንግስወርዝና ጊልበርት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት 2,250 ሰዎችን በስልክ እየጠየቀ፣ ሰው ከነቃበት ሰዓት 47 በመቶ ያህሉን ከሚሠራው ሥራ ውጭ እያሰበ እንደሚያሳልፍ አግኝቷል፤ ሐሳባቸው በሸፈተበት ጊዜም ደስታቸው ያነሰ ነበር። ስለዚህ መሸፈቱ የእርስዎ ጉድለት ሳይሆን የሁሉም ሰው ጠባይ ነው። ልምምዱ ያለው መሸፈትን ባወቁበት ቅጽበት ነው፦ «ሄጃለሁ» ይበሉ፣ ራስዎን አይውቀሱ፣ ከአንድ ይጀምሩ። በ10 ደቂቃ ሠላሳ ጊዜ ቢመለሱ ሠላሳ ጊዜ ተለማመዱ ማለት ነው፤ በእኔ ግምት አንድም ጊዜ ሳይሸፍት በእንቅልፍ ድንበር ላይ ከዋለ ሰው የተሻለ ሠርተዋል።

መጨረሻ ላይ ባለው ሁለት ደቂቃ ቁጥሩን ይተዉና ጆሮዎን ይክፈቱ። ከተማው ጸጥ እንዲል አይጠብቁ፤ አይልም። የባጃጅ ጥሩምባ፣ ወደ ሐረር የሚወጣ የጭነት መኪና፣ የልጆች ጩኸት ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ይስሙ፤ ከየት መጣ፣ የማን ነው እያሉ አይከተሉ። ዘና ያለ ንቃት የሚባለው ይኸው ነው።

«ይህ የሌላ ሃይማኖት ነገር ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ከሥር መሠረቱ መመለስ ያለበት ነው። አሠራሩ እምነት አይጠይቅም፤ ከዚያም በላይ በቤታችን ያለ ነው። ኦርቶዶክሳዊው መቁጠሪያውን ይዞ 41 ጊዜ «እግዚኦ» ይላል፤ ሙስሊሙ ከሶላት በኋላ በሙስበሃው 33 ጊዜ «ሱብሓነላህ»፣ 33 ጊዜ «አልሐምዱሊላህ»፣ 34 ጊዜ «አላሁ አክበር» ይላል። የሃርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የተደጋገመ ቃልና ሐሳብ ሲመጣ ያለመታገል ጠባይ በብዙ ሃይማኖቶች ጸሎት ውስጥ እንደሚገኝ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በርናርዲ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 23 ሰዎች የካቶሊክ መቁጠሪያ ጸሎትን በላቲን ወይም የዮጋ ማንትራን ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 እንደሚወርድ አሳይተዋል። ከላይ ያለው የአራትና የስድስት ቆጠራ የሚሰጠውም ይህንኑ መጠን ነው። ጸሎት ለተናጋሪው ከትንፋሽ በላይ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ቁጥሩ የማይጥመው ሰው የለመደውን የጸሎት ቃል በቁጥሩ ቦታ ቢያስገባ ምንም አይጎድልበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ዝናብ የዘገየበት ገበሬ ወይም ሥራ ያጣ ወጣት ትንፋሽ ቢቆጥር ጎተራው አይሞላም። እውነት ነው፤ ልምምዱ ይሞላል የሚል ካለም አይመኑት። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የወጣ ትልቅ ግምገማ 47 ሙከራዎችንና 3,515 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ተመስጦ ጭንቀትንና ድብርትን በመጠኑ እንደሚቀንስ፣ ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት እንደሚበልጥ ግን ማስረጃ እንደሌለ ደምድሟል። መጠነኛ ነገር ነው፤ ዋጋውም መጠነኛ ነው፦ 10 ደቂቃ፣ ያለ ገንዘብ። የዙርባውን ዋጋ ለሚያውቅ ችግረኛ ይህ ንጽጽር ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ለዓመታት በየቀኑ የቃመ ሰው በአንዴ ሲያቆም ዱካክ (የእንቅልፍ ቅዠት)፣ ድካምና ድብርት ሊፈራረቁበት ስለሚችሉ፣ ይህን ልምምድ እንደ ሕክምና ቆጥሮ ብቻውን አይጋፈጣቸው።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሳው ግጭት ከቤቱ የተፈናቀለ፣ የቅርብ ሰው የሞተበት ሰው በምዕራብ ሐረርጌ ጥቂት አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ዓይን ከድኖ ዝም ማለት ያየውን መልሶ ሊያመጣበት ይችላል። እሱ ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ዘመድ አጠገቡ ተቀምጦ 3 ደቂቃ ብቻ ይሞክር፤ በትንፋሹ ፋንታ የእግሩን መዳፍ ወይም ፊት ለፊቱ ያለን ዛፍ ያስተውል። ልቡ በኃይል መምታት ከጀመረ ይነሳና ይራመድ። በተደጋጋሚ ከመጣበት ልምምዱን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።