ዘይት ለሚያፈስ የሞተር አሞርዛተር፦ ለልጄ የሰጠሁት ምክር

ልጄ፣ ክረምት ሲገባ በእንጅባራም በዳንግላም ጋራዦች ደጃፍ የፊት አሞርዛተራቸው በዘይት የወረዛ ሞተሮች ተራ ይዘው ይቆማሉ። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ድንች ጭኖ ገበያ የሚወጣው ወጣት፣ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ሲሉን ቀይርልኝ»። ይቀየርላቸዋል፤ ብዙ ሳይቆዩ ያው ዘይት ተመልሶ ይንጠባጠባል። ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ያ ጎማ ብዙ ጊዜ ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለም። አዲስ ሞተር ይዘሃልና በዳዩን መፈለግ ከአሁኑ ልመድ።

1. ዘይቱ ወዴት እንደሚወርድ እይ። ከሲሉ ያመለጠ ዘይት የአሞርዛተሩን እግር ይዞ ወደ ጎማው ይወርዳል። ሞተርህ የፊት ፍሬኑ ዲስክ ከሆነ ዘይቱ ዲስኩ ላይ ነው የሚያርፈው። ዲስኩን በአልኮል ጠርገህ ታጸዳዋለህ፤ ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ ግን ታጥቦ አይመለስም፣ ይጣላል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ቻግኒ ደግሞ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚይዝህ ፍሬንህ ነው። ስለዚህ ዘይት በጨርቅ እየጠረግህ ሰው አፈናጥጠህ አትሂድ። ይህን ስልህ ላስፈራራህ ሳይሆን ከልቤ ስለሚያሳስበኝ ነው።

2. ምንጩን አረጋግጥ። እግሮቹን በሳሙና አጥበህ አድርቅ። ከዚያ የፊት ፍሬኑን ጨብጠህ መሪውን ደጋግመህ ወደ ታች ተጫን። በሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ የዘይት ቀለበት ከቀረ ያለቀው ወይም የቆሸሸው ሲል ነው። እርጥበቱ ከእግሩ ግርጌ ካለው ብሎን ከሆነ ግን ጥፋቱ የመዳብ ዋሸሩ ነው፤ ሲል ብትቀይር ምንም አይረዳህም።

3. ከመቀየርህ በፊት አጽዳው። የላይኛውን የአቧራ መከላከያ ጎማ በቀስታ ፈልቅቀህ ወደ ላይ ግፋው። ከሥሩ ጥቁር ጭቃና አሸዋ ተጋግሮ ታገኛለህ። አሮጌ የራጅ ፊልም ካለህ ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ቁረጥ፣ ጫፉን አለስልሰህ በዘንጉና በሲሉ ከንፈር መካከል አስገባ፣ ዙሪያውን አዙረህ ቆሻሻውን እየጎተትህ አውጣ። ፊልሙን በየመሃሉ ጥረገው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የሲሉን ከንፈር አንስታ ዘይቱን ታስኮበልላለች፤ እሷ ስትወጣ ማፍሰሱ የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ካልቆመ ብቻ ወደ መፍታት እለፍ።

4. ዘንጉን በጥፍርህ ዳብስ። ጠቅላላ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ፈረሰኛ ፈረሱን ከመጫኑ በፊት እግሩን ከላይ እስከ ታች በእጁ ይዳስሳል፤ አንተም የሞተርህን የፊት እግር እንዲሁ ዳስስ። ጥፍርህን በዘንጉ ዙሪያና ቁመት ላይ ስትጎትት የሚያደናቅፈው ነገር ካለ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሲሉ ይነጫል። አዲስ ሲል ብታስገባበትም ያው ቦታ ይቆርጠዋል።

ያ ቁስል ከየት ይመጣል ትለኝ ይሆናል። በደከረንስ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያልፉት የፋግታ ለኮማ መንገዶች ዝናቡ ካባራም በኋላ ቶሎ አይደርቁም። ዘንጉ ላይ የተፈናጠረው ቀይ አፈር ሌሊቱን ይደርቃል፤ ጠዋት ስትነዳ አሞርዛተሩ ሲወርድ ያን ደረቅ አፈር ይዞ ሲሉ ውስጥ ይገባል። ከዳንግላ ወደ ጃዊ ቆላ ለሚወርድ ደግሞ ጠላቱ የበጋ አቧራ ነው። ማዳበሪያ የሚጭን ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ የማዳበሪያ ብናኝ እርጥበት ስቦ ብረት ያዝጋል። መድኃኒቱ ማታ ማታ ዘንጉን በእርጥብ ጨርቅ ማጠብና ማድረቅ ነው። ጭቃውን ደረቅ እያለ በጨርቅ አትሽው፤ መጀመሪያ በውኃ አርጥበው። ዘንጉ በተጣጣፊ የጎማ ጃኬት የተሸፈነ ሞተር ካለህም ጃኬቱን አልፎ አልፎ ፍታው፤ ውኃና ጭቃ ከገባበት ዘንጉን ሳታይ ያዝገዋል።

የተነሳ ጫፍ ያለው ትንሽ ጭረት በ1000 ቁጥር ወይም ከዚያ በላቀ ብርጭቆ ወረቀት፣ ወረቀቱ ዘይት ተነክሮ፣ ዙሪያውን በቀስታ ይስተካከላል። ዓላማህ ጫፉን መስበር እንጂ ብረቱን መብላት አይደለም። ዝገቱ በጥልቀት የቆፈረውና ሲሉ የሚመላለስበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ዘንጉን ቀይር። ወድቀህ ከሆነ ደግሞ ፈትተህ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባለው፤ የጎበጠ ዘንግ ሲሉን በአንድ ወገን ብቻ ይበላዋል።

5. ሲል ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ፊቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ 27፣ 39፣ 10.5 ቢል የውስጥ ስፋቱ፣ የውጭ ስፋቱና ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱም መግጠም አለባቸው። ለሁለቱም እግር ግዛ። በጣትህ ስትጫነው የደረቀውን፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀውን መልስለት፤ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ጎማ ይደርቃል።

6. ስትፈታ ቅደም ተከተሉን አትዝለል። ከኢንጅኑ ሥር ጠንካራ ድጋፍ አስገብተህ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳ። የፍሬኑን ካሊፐር ፈትተህ በሽቦ እሰረው እንጂ በቱቦው አታንጠልጥለው። የላይኛውን ክዳን ብሎን እግሩ ገና ከመሪው ማቀፊያ ሳይወጣ አላላው፤ ከወጣ በኋላ የሚይዝልህ የለም። ግርጌ ያለውንም ብሎን ሞላው ውስጥ እያለ በብሩጎላ አላላ፤ ሞላው ከወጣ ብሎኑና የውስጡ ዘንግ አብረው ይሽከረከራሉ። ክዳኑን ስታወጣ ሞላው ተጭኖ ነው ያለው፦ ፊትህን ዞር አድርግ፣ ጨርቅ ሸፍነህ በእጅህ ጫነው። የሞላው የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደነበር ምልክት አድርግ።

አሮጌው ሲል ላይ የሽቦ ቀለበት አለ፤ እሱን ሳታወጣ ጎማውን በካቻቪቴ አትታገለው። ስትፈነቅለው ከካቻቪቴው ሥር ጨርቅ አድርግ፤ የእግሩ አሉሚኒየም ከተጫረ አዲሱም ሲል በዚያው ያፈስሳል።

7. አዲሱ ሲል የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሲገባ ነው። የዘንጉን ጫፍ በቀጭን ፌስታል ጠቅልል፣ ፌስታሉንና የሲሉን ከንፈር በአሞርዛተር ዘይት ቀባ፣ ከዚያ አሳልፈው። ክብ ሞላ ያለበት ጎኑ ወደ ዘይቱ፣ ጽሑፍ ያለበት ወደ ላይ ይሁን። አሮጌውን ሲል ከላዩ አስቀምጠህ በልኩ በተቆረጠ የውኃ ቧንቧ ዙሪያውን እኩል እየመታህ አስገባው። የሽቦው ቀለበት ጎድጓዳ ቦታው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልተቀመጠ ሲሉ ገና አልገባም።

8. ዘይቱን በሲሪንጅ ለካ፤ ሲሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ይገኛል። መጠኑንና ቁጥሩን ከሞተሩ መጽሐፍ ውሰድ፣ ሁለቱም እግር እኩል ይሁን። «ትንሽ ይጨመርበት» የሚልህን አትስማ፤ ዘይት ሲበዛ ለአየሩ ቦታ ያጥረዋል፣ ግፊቱም አዲሱን ሲል ገፍቶ ያስወጣዋል። ወፍራም የኢንጅን ዘይት በእንጅባራ ብርድ ጠዋት አሞርዛተሩን ያደርቀዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ፈጽሞ እንዳታስገባ፤ ጎማውን አሳብጦ ያጠፋዋል። የወጣውን አሮጌ ዘይት በጀሪካን ያዘው፤ ከምትሠራበት በታች ሰው የሚጠጣው ምንጭ አለ።

9. ስትገጥም የጎማውን አክስል አጥብቀህ ወዲያው አትጨርስ። ሞተሩን አውርደህ አሞርዛተሩን ደጋግመህ ተጫን፤ ሁለቱ እግሮች ትይዩ ሆነው ሲቀመጡ የአክስሉን መያዣ ብሎን አጥብቅ። ጠማማ ሆነው ከታሰሩ ሲሉ በአንድ ጎን ያልቃል። የፍሬን መያዣውን እስኪጠነክር ጨብጥ፤ ካሊፐሩ ከተፈታ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጭብጦች ባዶ ናቸው። ሜዳ ላይ በዝግታ ሞክር። ከጥቂት ቀን በኋላ ዘንጉን በነጭ ሶፍት ጥረገው፦ ስስ ወዝ ቢቀር ያ ለሲሉ የሚያስፈልገው ነው፤ ተሰብስቦ የሚወርድ ጠብታ ካየህ ወደ አራተኛው ምክሬ ተመለስና ዘንጉን እንደገና ዳስሰው።