ቴስተር የማያየውን ለማየት፦ በእጅ የሚያዝ ኦሲሎስኮፕ ስትመርጡ

ሱቃችን ያለባት ዓለም ገና የቡታጅራው መንገድ ከጅማው የሚገነጠልባት ቦታ ናት። ስለዚህ የጥገና ጠረጴዛችን ላይ የሚያርፈው ዕቃ የሰበታ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከቡታጅራ መስመር በሚኒባስ የመጣ ቴሌቪዥንም አለ፣ ከፉሪ በኩል የመጣ ኢንቨርተርም አለ። አንድ ሰሞን ዲሽ የሚገጥም ወጣት ሪሲቨር ይዞ መጣ። ከቻናሎቹ ግማሾቹ ይገባሉ፣ ግማሾቹ ሲግናል የለም ይላሉ። ልጁ ሥራውን ያውቃል። ኤልኤንቢውን ሁለት ጊዜ ለውጧል፣ ገመዱን ለውጧል፣ ዲሹንም እንደገና አስተካክሏል። በቴስተር ሲለካው 13 ቮልቱም 18 ቮልቱም በትክክል ይመጣል። የሁለት ኤልኤንቢ ዋጋ ከኪሱ ወጥቷል፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው።

ኦሲሎስኮፔን ከሪሲቨሩ መውጫ ጋር ሳገናኘው 18 ቮልቱ እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ታየ። ችግሩ ቀጥ ማለቱ ነበር። ሪሲቨር ኤልኤንቢውን የሚያዘው በሁለት መንገድ ነው። በ13 እና በ18 ቮልት ቨርቲካሉን ወይም ሆሪዞንታሉን ይመርጣል፤ በዚሁ ቮልቴጅ ላይ በሚጭነው የ22 ኪሎኸርዝ ምልክት ደግሞ ከ11.7 ጊጋኸርዝ በላይ ያለውን ባንድ ይጠራል። ምልክቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.6 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ቴስተር 18 ቮልቱን ያነባል፤ በላዩ የሚርገበገበውን ይህን ትንሽ ሞገድ ግን አያሳይም። ምልክቱን የሚጭነው ትራንዚስተር ሞቶ ነበር፤ ሲቀየር ቻናሎቹ ተመለሱ።

ልጁ እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣና አንድ ሥዕል አሳየኝ። ባለ 7 ኢንች ታች ስክሪን፣ ሁለት ቻናል፣ 100 ሜጋኸርዝ። «ጋሼ፣ ይሄን ልግዛ?» አለኝ። እኔ ደግሞ «በሳምንት ውስጥ እጅህ የሚገባው ምን ምን ዕቃ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ኦሲሎስኮፕ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ጀምሩ። የዲሹ ምልክት 22 ኪሎኸርዝ ነው። የድምፅ ማጉያ ሥራ 20 ኪሎኸርዝ ላይ ያበቃል። የቴሌቪዥንና የሪሲቨር ፓወር ሰፕላይ ባብዛኛው ከ50 እስከ 130 ኪሎኸርዝ ባለው መካከል ይሠራል። በአርዱዪኖ የሚለማመድ ተማሪ ሴንሰሮቹን የሚያገናኝበት የአይ ቱ ሲ መስመር 100 ወይም 400 ኪሎኸርዝ ነው። በ115,200 ፍጥነት የሚላክ ሲሪያል መልእክት ላይ አንዱ ቢት 8.7 ማይክሮሰከንድ ይቆያል። እስካሁን የጠራሁት ሁሉ ከ1 ሜጋኸርዝ በታች ነው። ከዚያ በላይ የሚያስወጣችሁ በዋናነት ክሪስታል ማየት ነው፦ የአርዱዪኖ ኡኖ 16 ሜጋኸርዝ፣ በብዙ ሪሲቨሮች ላይ የሚገኘው 27 ሜጋኸርዝ።

ታዲያ ማዕዘን ያለው ሞገድ ማዕዘኑን ሳያጣ እንዲታይ መሣሪያው የሞገዱን አምስት እጥፍ ያህል መቻል አለበት። አለበለዚያ አራት ማዕዘኑ ክብ ሆኖ ይታይና የደህናውን ቦርድ ጥፋት ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ለ400 ኪሎኸርዝ 2 ሜጋኸርዝ ማለት ነው። እኔ ለጥገና ሱቅ እውነተኛ 20 ሜጋኸርዝ ይበቃል እላለሁ፤ «እውነተኛ» የሚለውን ቃል ግን አጥብቃችሁ ያዙት።

ምክንያቱም ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥርና ውስጡ ያለው ቺፕ ሁልጊዜ አይገናኙም። ለምሳሌ ኤፍኒርሲ 1013ዲ የሚባለው ባለ 7 ኢንች ታች ስክሪን 100 ሜጋኸርዝና በሰከንድ 1 ቢሊዮን ናሙና ተብሎ ይሸጣል። ከፍተው የመረመሩት ሰዎች ግን ለአንድ ቻናል በሰከንድ 200 ሚሊዮን ናሙና የሚወስዱ ቺፖች ነው ያገኙበት፤ የሚያልፈው ሞገድም ከተጻፈው በብዙ ያንሳል። ይህን የምለው አትግዙት ለማለት አይደለም። ለዲሽና ለፓወር ሰፕላይ ሥራ ይበቃል፤ 100 ሜጋኸርዝ ገዛሁ ብላችሁ ግን አትቁጠሩት። ከእሱ በታች እንደ ጄዋይኢ ቴክ ዲኤስኦ 112ኤ ያለ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባና 2 ሜጋኸርዝ የሚያሳይ ታች ስክሪን አለ። ለድምፅና ለ22 ኪሎኸርዙ ምልክት አያንስም። ወደ ላይ ደግሞ እንደ ማይክሲግ ያሉ ባለ አራት ቻናል ታብሌቶች አሉ፤ የጻፉትን የሚያደርጉ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ሱቅ ከፍቶ ለሚጀምር ሰው ከባድ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ዋጋ ሌላ ሆኗል። መርካቶ ስትወርዱ ያለፈውን ዓመት ዋጋ በልባችሁ ይዛችሁ አትሂዱ።

አሁን ከሜጋኸርዝ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ እሱም ቮልቴጅ ነው። የቤታችን 220 ቮልት በዳዮድ ብሪጅ አልፎ ትልቁ ካፓሲተር ላይ ሲደርስ 311 ቮልት ይሆናል። ማብሪያ ማጥፊያውን የሚሠራው ሞስፌት ላይ ያለው ጫፍ ደግሞ 500 እና 600 ቮልት ሊነካ ይችላል። ብዙዎቹ ርካሽ መሣሪያዎች በ10 እጥፍ ማካፈያ ፕሮብ እንኳ የሚችሉት 400 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ የምትጠግኑ ከሆነ 100 እጥፍ የሚያካፍል ፕሮብ ለብቻው ግዙ። ከስክሪኑ ስፋት ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን ግዙ።

የፕሮቡ ጥቁር መቆንጠጫም ነገር አለው። ከብሪጁ በኋላ ያለው ኔጌቲቭ የመሬት መስመር አይደለም፤ ከመብራቱ ጋር የተገናኘ ነው። ሶኬት ላይ የተሰካ የጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ መቆንጠጫ እዚያ ቢነክስ በመሬት መስመሩ በኩል ሾርት ይፈጠራል፤ ቦርዱም መሣሪያውም ይቃጠላሉ። በባትሪ የሚሠራው አይፈነዳም፤ ትልቁ ጥቅሙም ይሄ ነው። አደጋው ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም፤ አሁን የመሣሪያው ብረት ሁሉ፣ የፕሮቡ መሰኪያም የቻርጀሩ ቀዳዳም፣ ኤሌክትሪክ ተሸክሟል። እየለካችሁ ቻርጅ አታድርጉ፣ ከኮምፒዩተር ጋር አታገናኙ፣ ቮልቴጁ ሳይጠፋ ብረቱን አትንኩ። የሁለቱ ቻናሎች ጥቁር መቆንጠጫዎችም ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸው፤ ሁለቱን በተለያየ ቦታ ማስነከስ ሁለቱን ቦታ በሽቦ ማገናኘት ነው። የሚቻለው ሰው አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ይጠቀም። ከሰዓት በኋላ ደክሟችሁ ከሆነ ፕራይመሪውን፣ ማለትም ከመብራቱ ጋር የተገናኘውን ወገን፣ ለነገ ጠዋት ተዉት።

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠይቀው ኤሲ ካፕሊንግ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ቮልቴጁን በ256 ደረጃ ነው የሚከፍሉት። ከላይ እስከ ታች 40 ቮልት የሚያሳይ ስክሪን ላይ አንዱ ደረጃ 156 ሚሊቮልት ይሆናል። በ12 ቮልት መውጫ ላይ ያለ 50 ሚሊቮልት ንዝረት እዚያ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ኤሲ ካፕሊንግ 12 ቮልቱን አስቀርቶ ንዝረቱን ብቻ ያሳልፋል፤ ያኔ አጉልታችሁ ታዩታላችሁ። የደረቀ ካፓሲተር የሚያዘው በዚህ ነው። የ22 ኪሎኸርዙም ምልክት እንዲሁ።

ታች ስክሪኑን በተመለከተ፦ ሞገድን በሁለት ጣት መሳብና ማስፋት ደስ ይላል፤ ለጀማሪም ከብዙ ቁልፍ ይቀላል። ግን ሁለት እጃችሁ ፕሮብ ይዞ በየትኛው ጣት ትነኩታላችሁ? ቢያንስ ማቆሚያና አውቶ ቁልፍ ያለው ፈልጉ። ጣት በፍለክስ ሲቆሽሽ የማይታዘዝ ስክሪን አለ፤ በር ላይ በሚሠራ ኮንቴይነር ሱቅ ፀሐይ ሲመታው የማይታይ አለ። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ደግሞ ማዘዣውም አብሮ ይሄዳል። ሽፋን አብራችሁ ግዙ። ባትሪው መብራት በጠፋ ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንዲያሠራችሁ ሻጩን ጠይቁ።

ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍታችሁ ሞክሩት። ፕሮቡን መሣሪያው ራሱ ከሚያወጣው 1 ኪሎኸርዝ አራት ማዕዘን ሞገድ ጋር አገናኙ። ማዕዘኑ ከሾለ ወይም ከተጠጋጋ ፕሮቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በመፍቻ አዙሩ፤ ቀጥ ካላለ ፕሮቡ አይረባም። ትሪገሩን ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ ሞገዱ ቆሞ ካልታየ ተዉት። አንዴ ብቻ የሚመጣን ምልክት የሚይዝ ሲንግል የሚባል አሠራር እንዳለው እዩ፤ ሲበራ ብቻ የሚታይ ብልሽት በሌላ አይያዝም። የፕሮቡንም ማብሪያ እዩት፦ 100 ሜጋኸርዝ የተጻፈበት ፕሮብ ወደ 1 እጥፍ ሲዞር ከ6 እስከ 10 ሜጋኸርዝ ገደማ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ክሪስታልንም ሊያቆም ይችላል። ባብዛኛው 10 እጥፍ ላይ ትታችሁት ሥሩ።

ልጁ ያንኑ ባለ 7 ኢንች ገዛ፤ ባለ 100 እጥፉን ፕሮብ ለብቻው ጨምሮ። ይዞት የመጣ ቀን ማታ የኔን ደህና ሪሲቨር ከፍተን ከላይኛው ባንድ አንድ ቻናል መረጥን። ኤሲ ካፕሊንግ ላይ አደረገ፣ የስክሪኑን አንድ ሣጥን 10 ማይክሮሰከንድ አደረገ፣ ከዚያ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አንዱ ሞገድ አራት ሣጥን ተኩል ያዘ። 45 ማይክሮሰከንድ። ስልኩን አውጥቶ ሺን ለ45 አካፈለ፤ 22 ሲወጣለት ወደ እኔ ዞረና «እስከዛሬ በቴስተር ስፈልገው የነበረው ይሄ ነው?» አለኝ።