ስለ መንደፊያና ማምረቻ ፕሮግራም ዋጋና ጥቅም

በኮልፌ ቀራንዮ ቁም ሣጥንና የወጥ ቤት መደርደሪያ የሚሠራ ነጋዴ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የመቁረጫ መኪና ለመግዛት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመኪናውን ዋጋ ነው። ነገር ግን መኪናው ለብቻው ዕውር ነው። ዕቃውን በሥዕል የሚነድፍለት፥ ሥዕሉንም ጂ ኮድ ወደሚባለው ትእዛዝ የሚለውጥለት ፕሮግራም ይሻል፤ ይኸውም ካድና ካም የሚባለው ነው።

ቀድሞ እንዲህ ያለው ፕሮግራም አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቀር ነበር። ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታወቀውን አውቶካድን የሚያወጣው አውቶዴስክ ግን በ2008 ዓ.ም. ይህን ሽያጭ ትቶ በየጊዜው ወደሚከፈል ኪራይ ዞረ። ኪራዩ በዶላር ስለሚቆጠር ለኢትዮጵያ ነጋዴ ሸክሙ ይበዛል። በዓመት 500 ዶላር የሚከፈልበት ፕሮግራም አለ እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ስለ ነበረ ሒሳቡ 28,500 ብር ያህል ነበር፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ዶላሩ ከ100 ብር በማለፉ ያው ፕሮግራም ከ50,000 ብር በላይ ጠየቀ። ፕሮግራሙ በራሱ አንዳች አልጨመረም።

ጥቅሙ የሚታየው በጣውላው ላይ ነው። 244 በ122 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የኤምዲኤፍ ጣውላ 80 በ40 የሆነ መዝጊያ የሚቆርጥ ሰው፥ የመዝጊያውን ቁመት በጣውላው ርዝመት ቢያስተኛው 9 ያወጣል፤ አዙሮ ቢያስተኛው ግን 6 ብቻ። ስለዚህ ለ54 መዝጊያ በአንዱ አኳኋን 6፥ በሌላው 9 ጣውላ ያልቃል። እርግጥ ነው፥ የሠለጠነ አናጢ ይህን ያህሉን በዓይኑ ይለየዋል። መጠናቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሠላሳና አርባ ቁራጭ በአንድ ትእዛዝ ሲመጣ ግን ዓይን ይደክማል፤ ፕሮግራሙ አይደክምም። ሆኖም የእንጨት መስመር የታተመበት ጣውላ ሲሆን መስመሩ በወዴት በኩል እንዲሄድ ካልተነገረው፥ ለቁጠባ ሲል አጋድሞ ይቆርጥና ደንበኛ የማይቀበለው መዝጊያ ያወጣል።

እንግዲህ ነጋዴው በዓመት የሚተርፍለትን ጣውላ ቆጥሮ፥ በጣውላው ዋጋ አባዝቶ ከኪራዩ ጋር ያስተያይ። ሥራው ጥቂት ለሆነ ሰው ኪራዩ አያዋጣም።

ያለ ዋጋ የሚገኝም አለ። ፍሪካድ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሻሻል ቆይቶ 1.0 የተባለው እትሙ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳል፤ የመቁረጫ ትእዛዝም ያዘጋጃል። ቁራጮችን በጣውላው ላይ ለማደላደል ግን ተጨማሪ ክፍል ወይም ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል። የአውቶዴስክ ፊውዥን በነፃ የሚሰጠው ለግል ጥቅም እንጂ ለንግድ አይደለም፤ ሁለቱን ነፃ አንድ አድርጎ ማየት ያሳስታል። ደግሞም የነፃው ዋጋ በጊዜ ይከፈላል፤ ሠራተኛው እስኪለምደው ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ፥ ጣውላም ይበላሻል።

ያለ ፈቃድ የተገለበጠውን በርካሽ የሚገዛም አይጠፋም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት የተጠበቀለት ሥራ ነው፤ በሥራ መካከል ቢቆምም አቤት የሚባልበት የለም።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻጩ በነጋዴው ሥዕል፥ በነጋዴውም መኪና አንድ መዝጊያ ቆርጦ ያሳይ። ኪራዩ ሲቋረጥ የደንበኞች ሥዕል አብሮ እንዳይቆለፍም፥ ብዙ ፕሮግራሞች በሚያነቡት ዲኤክስኤፍ በተባለው መልክ ግልባጩ በሥራ ቤቱ ይቀመጥ።