የወርቅ ድርሻ ከመግዛትዎ በፊት

መቀሌ ሲገቡ «ሽሬ በኩል የወርቅ ቦታ አለ፣ ድርሻ ይግቡ» የሚልዎ ሰው አይጠፋም። ወርቁስ አለ። የሰሜን ምዕራብ ትግራይ አለት ከኤርትራው የቢሻ ማዕድን ማውጫ ጋር የአንድ ጥንታዊ ቀበቶ አካል ነው። ኢዛና የተባለው የማዕድን ኩባንያ ሜሊ ላይ ወርቅ አምርቷል፤ የካናዳው ኢስት አፍሪካ ሜታልስም ተራኪምቲ፣ ማቶ ቡላና ዳ ታምቡክ ላይ ቆፍሮ የሀብት ግምት አውጥቷል። እርስዎ ግን «ይህን ያህል አውንስ አለ» ሲባሉ ቁጥሩ የየትኛው መደብ እንደሆነ ይጠይቁ።

ግምት ሦስት መደብ አለው። ኢንፈርድ ጉድጓዶቹ ተራርቀው የተቆፈሩበት፣ በመሃላቸው ያለው ወርቅ ይቀጥላል ተብሎ የታሰበበት ነው። ኢንዲኬትድ ሲሆን ጉድጓዶቹ ስለተቀራረቡ ለማዕድን ማውጫ ዕቅድ የሚበቃ እምነት ይጣልበታል፤ ሜዠርድ ከሁሉም የጠበቀው ነው። ሪዘርቭ፣ ማለትም በትርፍ ሊመረት የሚችለው ክፍል፣ የሚወጣው ከኋለኞቹ ሁለቱ ብቻ ነው፤ ያውም የማምረቻ ወጪው፣ የወርቁ ዋጋና ፈቃዱ ከተሰላ በኋላ። ካናዳ ኢንፈርዱን ከሌሎቹ ጋር ደምሮ ማቅረብን ትከለክላለች። ይህ ደንብ በ2001 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኢንዶኔዥያ ውስጥ የካናዳው ብሬ ኤክስ ኩባንያ ናሙና ላይ ወርቅ መጨመሩ በ1997 ከተጋለጠና የብዙ ሰው ገንዘብ ከጠፋ በኋላ ነው።

ጥሩ ጥናት የተደረገበት ቦታ እንኳ ሲሰላ ይቀንሳል። ወለጋ ያለው ቱሉ ካፒ ወደ 1.7 ሚሊዮን አውንስ ሀብት ተገምቶለት፣ አብዛኛውም ኢንዲኬትድ ሆኖ ሳለ፣ ሪዘርቭ የሆነው 1.05 ሚሊዮን ገደማ ነው። እንግዲህ ኢንፈርድ ብቻ ያለውን ቦታ በሪዘርቭ ዋጋ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያስቡት።

ትግራይ ውስጥ ሁለት ነገር ይጨመርበታል። ተራኪምቲን በመሰለ ቦታ የላይኛው የተበላሸ ቀይ አለት ወርቁን በሳያናይድ በቀላሉ ይለቃል፤ ከሥሩ ያለው የሰልፋይድ አለት ግን ሌላ ማምረቻ፣ ሌላ ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ የሁለቱ አውንስ ተለይቶ ይቅረብልዎ። ሁለተኛው ቀኑ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት በፊት የተጻፈ ግምት ከያዙ፣ ከዚያ ወዲህ በባህላዊ መንገድም በማሽንም ብዙ ስለተቆፈረ፣ ላይ ላዩ ላይ ያለው አውንስ ዛሬም መሬት ውስጥ ስለመኖሩ አዲስ ልኬት ይጠይቁ።

የግምቱ ሪፖርት የሚፈርምበት ሰው ይኑረው፤ በአውስትራሊያው ጆርክ ደንብ ይህ ሰው በዚያ ዓይነት ማዕድን ቢያንስ 5 ዓመት የሠራ መሆን አለበት። ከዚያ የናሙና መጋዘኑን ይጎብኙ። ከመሬት የወጣው ዘንግ መሰል አለት በሳጥን ተደርድሮ ጥልቀቱ ተጽፎበት ይታያል። ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ወደ ላብራቶሪ ሲሄድ፣ ግማሹ እዚያው ይቀራል። የቀረው ግማሽ የት አለ? ወርቅ የሌለበት ባዶ ናሙና ለፍተሻ አብሮ ተልኮ ነበር ወይ? እነዚህን የሚያነብልዎ ገለልተኛ ጂኦሎጂስት ይቅጠሩ፤ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት በዚህ ሙያ ሲያስተምር ስለቆየ ባለሙያ ከከተማው አይጠፋም። ፈቃዱንም ፈቃድ ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያጣሩ፤ የምርመራ ፈቃድ የማምረቻ ፈቃድ አይደለም።

ሻጩ የሚያሳይዎ ከመሬት ላይ ተለቅሞ የተመረመረ አንድ ድንጋይና የላብራቶሪ ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ያ ከሦስቱ መደቦች በአንዱም አይገባም። የማዕድን ማውጫ ዋጋ አይክፈሉበት።