ዘንገና ዳር ለማደር ላሰብከው ልጄ

ልጄ፣ ከጓደኞችህ ጋር ዘንገና ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክላችሁ ለማደር አስባችኋል አሉኝ። እሰየው። ስንቱ የአዲስ አበባ ልጅ ባሕር ዳር ለመድረስ እየቸኮለ ሐይቁን በመኪና መስኮት እንኳ ሳያየው ያልፋል። የያዛችሁት ዝርዝር ግን ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ስፒከር፣ ሥጋ እያለ ይወርዳል እንጂ ሰው የሚባል ነገር የለበትም። እኔ የምመክርህ ከእሱ ጀምሬ ነው። በቁጥር የጻፍኩልህ ደጋግመህ እንድታየው ብዬ ነው፤ ሁሉም እኩል ይከብዳል ማለቴ አይደለም።

1. ዘንገና ብሔራዊ ፓርክ አለመሆኑን ከወዲሁ እወቀው። ስሜን ተራሮች ብትሄድ ደባርቅ ላይ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አለ። መግቢያ ትከፍላለህ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብልሃል፣ አስጎብኚ ትይዛለህ፣ ዕቃህን በበቅሎ ትጭናለህ። ከዚያ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያልክ በታወቀ የካምፕ ቦታ ታድራለህ። ያ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ እንግዳ መቀበል ለአካባቢው ሰው መደበኛ ሥራ ሆኗል። ዘንገና የገበሬ ጎረቤት ነው። ዙሪያው እርሻ ነው፣ የሰው ደጅ ነው፣ የከብት መዋያ ነው። ደባርቅ ላይ በደረሰኝ የሚያልቀው ነገር እዚህ የሚያልቀው በሰላምታ ነው። «ክፍት ቦታ ነው፣ ማን ይከለክለኛል» ብለህ ድንኳን ብትተክል የተከልከው ሰው ግቢ ውስጥ ነው።

2. ቀን ከመቁረጥህ በፊት ሰላሙን ጠይቅ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። መንገዱ አንድ ሳምንት ክፍት ሆኖ በሌላው ሊዘጋ ይችላል። ሶሻል ሚዲያ ላይ ያየኸው የሐይቁ ፎቶ መቼ እንደተነሳ ማንም አይነግርህም። ስለዚህ ሁለት ሰው ጠይቅ፤ አንዱ በዚያ መስመር ዘወትር የሚመላለስ ሾፌር ይሁን፣ ሌላው እንጅባራ የሚኖር ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ። የሁለቱ ወሬ ካልገጠመ ጉዞው ይቆይ። የሰዓት እላፊ ካለ ደግሞ ስለ ድንኳን ማውራቱም ቀርቷል። ለሥራ ወይም ለለቅሶ የሚሄድ ሰው ግድ ሆኖበት ነው፤ አንተ ለመዝናናት የምትሄደው ግን የመጠበቅ ዕድል አለህ፣ ተጠቀምበት። ሐይቁ የትም አይሄድም።

3. ፈቃዱን በቅደም ተከተል ጠይቅ። መጀመሪያ እንጅባራ፣ የአዊ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናትና፣ የባህልና ቱሪዝም ነገር የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደህ ማን እንደሆንክ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ ስንት ሌሊት እንደምታድሩ ተናገር። ቀጥሎ ቀበሌውን። ከዚያ ደግሞ ብዙ እንግዳ የሚዘለውን፣ ሐይቁ አጠገብ የሚኖሩትን አባወራዎች። ትልልቆቹን ፈልግ፤ ቆመህ ሰላም በል፣ «ልናድር ነበር፣ ምን ይላሉ?» ብለህ ጠይቅ። «ፈቃድ አለኝ» እያልክ ወረቀት አታውለብልብ። አገሩ የአገው ነው፣ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በአዊኛ ነው። አማርኛም ይናገራሉና አትቸገርም፤ ግን እንጅባራ ላይ የምትገዛበትን ባለሱቅ ሰላምታውን አስጠናኝ ብትለው ነገሩ ሁሉ ይለዝብልሃል።

ከዚያው ሰፈር አንድ ጠንከር ያለ ሰው ለጥበቃ ያዝ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ። ከአዲስ አበባ ከጓደኞችህ ጋር አሥር ሆነህ ብትመጣም ማታ ሐይቁ ዳር ባለው ጫካ ውስጥ የሚንኮሻኮሸው እንስሳ ይሁን ሰው አታውቁም፤ እሱ ግን በኮቴው ይለየዋል። ዋጋውን ገና በቀን፣ ሰው ባለበት ተነጋገሩ፤ እራቱም ከእናንተ እንደሆነ አብራችሁ ወስኑ። ጠዋት ላይ ዋጋ መከራከር ነውር ነው።

4. ወሩን ምረጥ። አዊ ዝናብ የሚወደው አገር ነው፤ ግንቦት ይጀምራል፣ መስከረም አልቆም ይቆያል። በክረምት ድንኳን ይዘህ ብትመጣ ማረፊያህ ጭቃ ነው። ሰማዩ የሚጠራው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ የዚያን ጊዜ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል። ዘንገና 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ልጅ ከፍታው አዲስ አይሆንም፤ አዲሱ ነገር ግድግዳ አለመኖሩ ነው። ቅዝቃዜው የሚገባው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬቱም ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ካለህ አንዱን ከሥርህ አንጥፈው። ጋቢ አትርሳ፤ ስሊፒንግ ባግ ያለው ሰው እንኳ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋቢ ሲያምረው አይቻለሁ።

ጥር 23ን ልብ በል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዓሉም በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ በየዓመቱ በዚያ ቀን እንጅባራ ላይ ይከበራል። ጉዞህን ከዚያ ጋር ብታገጣጥመው ያጌጠ ፈረስ በብዛት ታያለህ። ግን ከተማው ይሞላል፣ መኝታ አይገኝም፣ የሚያውቅህም ሰው ሁሉ እንግዳ ይበዛበታል። ጸጥታ ፈልገህ ከሆነ ከበዓሉ ሳምንት ራቅ በል።

5. መንገዱን አትናቀው። ከአዲስ አበባ እስከ እንጅባራ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መካከል ላይ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደህ በደጀን ትወጣለህ። ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ እያለ ይሄዳል። ጥሊሊን አልፈህ እንጅባራ ሳትደርስ ዘንገና አለልህ፤ ከአስፋልቱ በእግር የሚደረስ ነው። ጨለማ ላይ ደርሶ ድንኳን ለመትከል መሞከር የጅል ሥራ ነው። አንዱን ሌሊት ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ አልጋ ይዘህ እደር፤ ወደ ሐይቁ ጠዋት ሂድ።

6. ውሃው እንዳያታልልህ። ሐይቁ በጥንት እሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈተ ጉድጓድ ላይ የተኛ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከላይ ሲያዩት ክብ፣ ትንሽ፣ የዋህ ይመስላል። ጥልቀቱ ግን እስከ 166 ሜትር እንደሚደርስ ተመዝግቧል። ጣና ያን ሁሉ አገር አጥለቅልቆ ከ15 ሜትር አይዘልም፤ የዘንገናን ነገር ከዚህ ገምተው። ዳርቻው እንደ እንስራ ውስጠኛ ግድግዳ ቁልቁል ይወርዳል፤ እግርህ መሬት የሚነካው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ሶደሬ መዋኛ የለመደ ልጅ እዚህ ዋናተኛ ነኝ አይበል። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ የሚያወጣህ ጀልባ የለም፣ ነፍስ አድን የለም። ጓደኛህ ቢወራረድህ አንተ ተሸናፊ ሁን።

ድንኳኑንም ከቁልቁለቱ ጫፍ አርቀህ ትከል። ሌሊት ለሽንት የሚወጣ ሰው ባትሪ ይያዝ፤ አቅጣጫውንም በቀን ይየው። የምትጸዳዱበትን ጉድጓድ ከውሃው በደንብ ራቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ፣ ስትሄዱም ድፈኑት። ወደዚህ ሐይቅ ገብቶ ጠራርጎ የሚወጣ ወንዝ አታይም፤ የወረደበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ሳሙናም ቢሆን ውሃ በጀሪካን ቀድተህ ራቅ ብለህ ታጠብ። ለመጠጥ የታሸገ ውሃ ይዘህ ና፤ የሃይላንዱን ባዶ ላስቲክ ደግሞ ቆጥረህ ያመጣኸውን ቆጥረህ መልስ።

7. ይህችን ሁለት ጊዜ አንብባት፤ ከሰል ድንኳን ውስጥ አይግባ።

ለምን አዊ ላይ አጥብቄ እንደምነግርህ ላስረዳህ። አገሩ የከሰል አገር ነው። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ በአዲስ ቅዳም በኩል ስታልፍ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀጥ ቀጥ ብሎ የተተከለ ቅጠለ ደቃቅ ዛፍ ታያለህ። ገበሬው ዲከረንስ ይለዋል፤ የአውስትራሊያ ግራር ነው። አፈሩ በአሲድ ተጎድቶ እህል አልሰጥ ሲል ሰዉ ይህንን ዛፍ እንደ ሰብል ያዘው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳ ላይ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም እንደገና ይዘራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሰል ሲባል የተፈጥሮ ጫካ መጨፍጨፍ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህንን ቢያይ ጥሩ ነው። በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ ገብቶበት ስንቱን ቤት ጎድቶታል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

እና አንተ በመንገድ ዳር ከሰሉን በጆንያ ታየዋለህ፣ ትገዛለህ። መግዛትህ ደግ ነው፤ ቆመው ካሉት ዛፎች ቅርንጫፍ ከምትሰብር ይሻላል። ማታ ሥጋህን ትጠብስበታለህ። ከዚያ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ምድጃው ገና ቀይ ፍም አለው፣ ጭስም የለውም፤ አንዱ ጓደኛህ «ወደ ውስጥ እናስገባው» ይላል። የሚገድለው እሱ ነው። የጋመ ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የደከመ መንገደኛ ደግሞ ከድካሙ ወይም ከበላው ነገር ይመስለውና ተሸፋፍኖ ይተኛል። የድንኳኑን ዚፕ ትንሽ መክፈት አያድንም። አመድ ለብሷል ብሎ ማስገባትም ያው ነው፤ አመድ ሥር ያለ ፍም ጋዙን ማውጣቱን አይተውም። ቡታጋዝም ቢሆን ውጭ ይሁን። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ላይ ውሃ አፍስሳችሁ፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ መቀዝቀዙን አረጋግጡ። ለሙቀት የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልተህ፣ ክዳኑን አጥብቀህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ እግርህ ሥር አድርገው። ይበቃል።

8. ምግብ ላይ አትጨነቅ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ ከቤት ያዝ። ድንቹን እንጅባራ ገበያ ግዛ፤ የደጋ ድንች ነው፣ ፍም ውስጥ ቀብረህ በሚጥሚጣ ብላው። ጾም ከሆነ፣ ረቡዕና ዓርብም ጭምር፣ የሥጋ ጥብስህን ሽታ በጾመኛ ደጅ አትልቀቀው። አንተ ጾምክ አልጾምክ አልጠይቅህም።

9. ጦጦች አሉ። ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ሙዝ አትወርውሩላቸው፤ ዛሬ ከእጅህ የበላች ጦጣ ነገ የገበሬው በቆሎ ውስጥ ያለ ፍርሃት ትገባለች፣ የሚጎዳውም እሱ ነው። ምግባችሁን መኪና ውስጥ ቆልፉ። ይህ ለጅብም መድኃኒት ነው፤ አጥንት በድንኳን ዙሪያ በትኖ ጅብ መጣ ብሎ መጮህ አያስኬድም።

10. ቤት ትተህ የምትመጣው። ድሮን ተወው። ያለ ፈቃድ ማስነሳቱ ክልክል መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ ግን በዚህ ጊዜ በዚህ አገር ከሰማይ የሚሰማ ድምፅ ለሰዉ ምን እንደሚያሳስበው አስብ። የወታደር ቀለም ያለው ሱሪ፣ ጃኬት፣ ድንኳን ሁሉ ይቅር። ገበያ ላይ የሚሸጠው የካምፕ ዕቃ ብዙው ዝንጉርጉር ነውና ሰማያዊ ወይም ቢጫ ፈልግ፤ ከሩቅ ያየህ ሁሉ እንግዳ መሆንህን ይወቅ። ስፒከሩንም ተወው። ገበሬ ማልዶ ተነሺ ነው።

የምትይዘው ደግሞ መታወቂያና ጥሬ ብር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል፤ ስለዚህ ገንዘብህ ሁሉ ስልክህ ውስጥ አይሁን። ለእናትህም መቼ ደርሰህ መቼ እንደምትመለስ በወረቀት ጽፈህ ስጣት።

11. እምቢ ቢሉህ አትከራከር። ቀበሌው «ዛሬ አይሆንም» ካለ፣ ወይም አባወራው ፊታቸውን ከበድ ካደረጉ፣ እናንተ የማታውቁት እነሱ የሚያውቁት ነገር አለ ማለት ነው። አመስግነህ ሐይቁን በቀን ዙረው፤ ሻይህን አፍልተህ፣ ተቀምጠህ እየው። ጊዜ ከተረፈህ እንጅባራ አጠገብ የዶንዶር ፏፏቴ አለ፣ በጥሊሊ በኩል ደግሞ ጥርባ የሚባል ሌላ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለልህ። ማታ እንጅባራ ገብተህ አልጋ ያዝ። ዘንገና በቀን ታይቶ እንጅባራ ቢታደር ከጉዞው የሚጎድል ነገር የለም፤ ድንኳኑን ለሌላ ዓመት ታመጣዋለህ።